የባንክ ካርድ ሲጠፋ ኪሳራው የማን ነው?

(በአርባ ምንጭ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)

 

የዛሬው ርእሴ ስለ ጠፋ የኤቲኤም ካርድ ነው። ጉዳዩ ለሕግ ምሁር ትንሽ፣ ለተጎዳው ሰው ግን ትልቅ ነው። የመረጥሁትም በመጽሐፍ ስላገኘሁት ሳይሆን በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

አንድ ረቡዕ ማምሻውን ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስወጣ የኪስ ቦርሳዬ ወደቀብኝ። በቦርሳው ውስጥ የኤቲኤም ካርዴና የነዋሪነት መታወቂያዬ አንድ ላይ ነበሩ። ቤት ደርሼ እራት ስንበላ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ከምሽቱ 2፡14 ላይ 4,000 ብር ከሒሳቤ መውጣቱን የሚገልጽ መልእክት ነበር። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላ 4,000 ብር ወጣ። ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደወልሁ፤ ወረፋ ጠብቄ ሠራተኛዋን ሳገኛት ሰዓቱ 2፡31 ሆኗል። ስሜንና የሒሳብ ቁጥሬን ጠይቃ ካርዱ እንደተዘጋ ነገረችኝ። በ2፡52 ግን ሦስተኛ መልእክት ደረሰኝ፤ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም 2,000 ብር ወጥቷል።

ሌባው የይለፍ ቁጥሬን እንዴት አወቀ? መልሱ ያሳፍረኛል። ቁጥሩ የተወለድሁበት ዓመት ነበር፤ ዓመቱም በመታወቂያዬ ላይ ተጽፏል። በማግስቱ ማመልከቻ ጽፌ ወደ ቅርንጫፉ ሄድሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሰጠኝ መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ክፍያዎቹ በትክክለኛ የይለፍ ቁጥር ስለተፈጸሙ ባንኩ ኃላፊነት የለበትም ይላል።

የባንኩን ስም አልጠቅስም፤ ክርክሬ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጋር እንጂ ከአንድ ባንክ ጋር አይደለምና። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብም ባጭሩ ይህ ነው፦ ካርድ ጠፍቶ ገንዘብ ሲወጣ ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ ማን ተሳሳተ በሚለው ብቻ አይፈታም። ማስረጃው በማን እጅ ነው የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ማስረጃውን የያዘው ወገን የማስረዳት ሸክሙንም መያዝ ይገባዋል።

አራቱ አሃዞች

ሕዝብ የተጠቀመበት የመጀመሪያው የገንዘብ መክፈያ ማሽን በለንደን ኤንፊልድ በባርክሌስ ባንክ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1967 ተተከለ። ማሽኑን የፈጠሩት ጆን ሼፐርድ ባሮን እንደተናገሩት፣ መጀመሪያ ያሰቡት የይለፍ ቁጥር ስድስት አሃዝ ነበረው። ባለቤታቸው ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም ስላሏቸው አራት ሆነ። ዛሬም የብዙዎቻችን ገንዘብ በእነዚያ አራት አሃዞች ይጠበቃል።

ወደ አገራችን ኤቲኤም የገባው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ስምንት ማሽኖች በተከለ ጊዜ ነው። ገንዘብን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስተላለፍ የራሱን ሕግ ያገኘው በብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ሲሆን፣ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን እንዲሠራ ያደረገው ኢትስዊች አገልግሎቱን በ2008 ዓ.ም. ጀመረ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጨመር ስልኩም ራሱ የገንዘብ ቦርሳ ሆነ። አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ከባንክ ደብተር ወደ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። ማስታወሻው ግን ያው የጥንቱ ነው።

አራት አሃዝ 10,000 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይሰጣል። ማሽኑ ሦስት ሙከራ ቢፈቅድ፣ እንዲሁ በግምት የመሳካት ዕድሉ ከ10,000 ሦስት ብቻ ነው። ሰው ግን ቁጥሩን በዕጣ አይመርጥም። የልደት ዓመቱን፣ የስልኩን መጨረሻ አሃዞች፣ አለዚያም 1234ን ይመርጣል። የእኔን ቁጥር ያወጣው ሌባ ዕድለኛ አልነበረም፤ መታወቂያዬን አንብቦ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የባንክ ደንብ የይለፍ ቁጥርን የአንድ ሰው ምስጢር አድርጎ ያስባል። በእኛ አካባቢ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ የሚወርዱ አንድ አባት ልጃቸው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሠርቶ የላከላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ይመጣሉ እንበል። የማሽኑን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። ካርዱን ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ፤ ልጅ ከሌለ ለጥበቃ ሠራተኛው፣ እሱም ከሌለ ከኋላቸው ለቆመው ጨዋ መሳይ ወጣት። ወጣቱ ገንዘቡን አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ ካርዱን ሲመልስ ግን ተመሳሳይ መልክ ያለው ሌላ ካርድ ይሆናል። እኒህ አባት ካርዳቸው መለወጡን የሚያውቁት በሚቀጥለው ወር ነው። ባንኩ ‹‹ቁጥርዎን ለሌላ ሰው ነግረዋል›› ቢላቸው እውነቱን ነው። ነገር ግን ማንበብ ለማይችል ሰው የሚነበብ ማሽን ብቻ አቁሞ፣ እርዳታ በመጠየቁ ቸልተኛ ነው ማለት ፍትሐዊ ነውን?

የማሽን መዝገብ ምን ያስረዳል?

ኤቲኤም ለእያንዳንዱ ክፍያ መዝገብ ይይዛል። የካርዱ ቁጥር፣ የማሽኑ መለያ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የይለፍ ቁጥሩም ትክክል መሆኑ በዚያ ይሰፍራል። ይህ መዝገብ ትክክለኛው ቁጥር እንደገባ ያስረዳል፤ ማን እንዳስገባው ግን አይናገርም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የክርክሩ ሁሉ ሥፍራ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ዓለም ሁለት መንገድ ሄዷል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በኒውዮርክ ከተማ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ጁድ በሲቲባንክ ላይ ያቀረበችው ክስ ታየ። ከሳሿ 800 ዶላር ያለ ፈቃዷ እንደወጣባት ተናገረች፤ ገንዘቡ በወጣበት ሰዓት በሥራ ላይ እንደነበረች የሚገልጽ የአሠሪዋን ደብዳቤም አቀረበች። ባንኩ ያቀረበው የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ፍርድ ቤቱ ሴትየዋን አመነ። ሊታመን የሚችል ምስክር የማሽን መዝገብ ስለቀረበበት ብቻ ሊወጣው የማይችል የማስረዳት ሸክም አይጣልበትም አለ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ከዕረፍት ሲመለስ ከሒሳቡ 460 ፓውንድ ተወስዶ አገኘ። አቤት ሲል የገንዘብ ተቋሙ ሥርዓታችን አይሳሳትም አለ፤ ሰውየው ራሱ በማጭበርበር ሙከራ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1994 ጥፋተኛ ተባለ። ነጻ የወጣው በይግባኝ በ1996 ነው። በይግባኙ የመከላከያው ባለሙያ ማሽኖቹንና ሥርዓታቸውን እንዲመረምር አልተፈቀደለትም ነበር፤ ሊመረመር ያልቻለ ማስረጃም ሰውን ሊያስቀጣ አልቻለም። በዚያ ክርክር ሙያዊ ምስክርነት የሰጡት የካምብሪጁ ሮስ አንደርሰን፣ በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባንክ ማሽን የሚፈጸመው ስርቆት በአብዛኛው የረቀቀ የምስጢር ፍቺ ሳይሆን ተራ የአሠራር ስሕተት ውጤት መሆኑን አሳይተዋል።

በሁለቱ ታሪኮች ውስጥ ማሽኑ አንድ ዓይነት ነው። የተለያየው ዝም ያለውን መዝገብ ማን ይተርጉም የሚለው ነው።

የእኛ ሕግ ወዴት ያዘነብላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኤቲኤምን አያውቅም። ሆኖም ለጥያቄያችን የሚጠቅም መርሕ አለው። አንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ ይህንኑ ያስረዳ ይላል። በባንክ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ባንኩ ለእኔ ያለበት ዕዳ ነው። ዕዳው መኖሩን በደብተሬ አስረዳለሁ። ባንኩ ‹‹ከፍያለሁ›› ሲል ዕዳው ቀርቷል ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ወይም እኔ ለወከልሁት ሰው መክፈሉን ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። መቀበል ለማይገባው ሰው የተፈጸመ ክፍያ ባለዕዳውን ነጻ እንደማያወጣ ያው ሕግ ይደነግጋል። በዚህ ዓይን ካየነው በዚያ ምሽት የተታለለው እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ ባንኩም ለማይገባው ሰው ከፍሏል።

ባንኩ የሚሰጠው መልስ ግን ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። የካርድ ማመልከቻ ቅጽ የይለፍ ቁጥሩን መጠቀም እንደ ደንበኛው ፈቃድ ይቆጠራል ካለ፣ ደንበኛውም ከፈረመ፣ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ቅጹን አንብቡ የምለው። ሁለት ነገር ፈልጉበት፤ ካርዱ መጥፋቱን ካሳወቃችሁ በኋላ የሚወጣ ገንዘብ የማን እንደሆነ፣ ማሳወቅ ማለትስ ስልክ መደወል ነው ወይስ በጽሑፍ ማመልከት። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የገንዘብ ተቋማት ውላቸውን እንዲያስረዱና ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። መጠየቅ መብታችን ነው።

ሌባው ከተያዘ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለል ይቀጣል። የወንጀል ሕግ ግን ሌባውን ይፈልጋል እንጂ ሌባው ሳይገኝ ሲቀር ኪሳራውን ማን ይሸከም ለሚለው መልስ አይሰጥም።

የሰዓት መሰላል

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ በሰዓት ከፍለውታል። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ፣ ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያሳወቀ ደንበኛ ከ50 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ከዘገየ እስከ 500 ዶላር ሊደርስበት ይችላል፤ የሒሳብ መግለጫ ከተላከለት 60 ቀን አልፎም ዝም ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ የራሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ክፍያው በደንበኛው ፈቃድ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የባንኩ ነው። የይለፍ ቁጥሩን በካርዱ ላይ ጽፎ መያዝ እንኳ ይህን ጣሪያ አያነሣውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው መመሪያ ጣሪያውን 50 ዩሮ አድርጓል፤ ደንበኛው ራሱ ካላጭበረበረ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር። ካሳወቀ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ፣ ተንኮል ከሌለበት፣ አይጠየቅም።

የእነዚህን ቁጥሮች መጠን ወደ ብር እንገልብጥ አልልም። የምወደው አስተሳሰባቸውን ነው። እስከ ማሳወቂያው ደቂቃ ድረስ ሌባውን ሊያቆመው የሚችለው ደንበኛው ነው፤ ከዚያ ደቂቃ በኋላ ግን ሊያቆመው የሚችለው ባንኩ ብቻ ነው። ሸክሙም ሊያቆም በሚችለው ላይ ያርፋል። በእኔ ጉዳይ ይህ መሰላል ቢኖር የመጀመሪያዎቹ 8,000 ብር ከ2፡31 በፊት ስለወጡ ከፊሉን በቸልተኝነቴ ልሸከም ይገባኛል። ከ2፡31 በኋላ የወጣው 2,000 ብር ግን ያለ ክርክር የባንኩ ነበር።

ባንኮች የሚሉት

ሚዛናዊ ለመሆን የባንኮችን ስጋት መናገር አለብኝ። ካርዱን ለጓደኛው ሰጥቶ ገንዘቡን ካስወጣ በኋላ ጠፋብኝ የሚል ደንበኛ አይታጣም። ሕጉ ደንበኛን ሁሉ ቢያምን ሐሰተኛውም ይጠቀምበታል።

ደንበኛ ሁልጊዜ ንጹሕ አለመሆኑንም በቅርቡ አይተናል። አርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት ሰዎች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ አወጡ፤ አስተላለፉም። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ እንዲመልስ ያዛል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ።

ያን ሌሊት ስላነሣሁት በዚህ አዳራሽ አንዳንዶች ዓይናቸውን ዝቅ እንዳደረጉ አያለሁ፤ ልወቅሳችሁ አይደለም። ላሳያችሁ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ኪሳራው የባንኩ በሆነ ጊዜ መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ በቀናት ውስጥ ተናገረ። ስለዚህ መዝገቡ መናገር ይችላል። ኪሳራው የአንድ ደንበኛ በሆነ ጊዜም በዚያው ትጋት እንዲጠየቅ ነው የምሻው። ሐሰተኛውን ደንበኛ ከእውነተኛው የሚለየው ካሜራው፣ የማሽኑ መዝገብና የጥሪ ማዕከሉ ቅጂ ነው፤ ሦስቱም ያሉት በባንኩ እጅ ነው። ካርዱ በሌላ ባንክ ማሽን ከሠራ ደግሞ ካሜራው በዚያኛው ባንክ ዘንድ ይሆናል፤ ግለሰብ ሊደርስበት አይችልም።

ምን እናድርግ?

ካርድ ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማዘጋት ነው። የባንካችሁን የጥሪ ማዕከል ቁጥር ከካርዱ ጀርባ ሳይሆን ከስልካችሁ አግኙት፤ ካርዱ ሲጠፋ ጀርባውም አብሮ ይጠፋልና። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች 951 ይደውላሉ። ካርዱን ያዘጋችሁበትን ደቂቃና ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስም ጻፉ። ስልኩም አብሮ ከጠፋ ሲም ካርዱንና የሞባይል ባንክ አገልግሎቱን አዘጉ። በማግስቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በማመልከቻው ላይ የካሜራው ምስልና የማሽኑ መዝገብ እንዳይጠፋ ተጠብቆ እንዲቆይ ጠይቁ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። የባንኩ መልስ ካላረካችሁ ለብሔራዊ ባንክ አቤት በሉ።

እኔ ከእነዚህ ያደረግሁት ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የጥሪውን ሰዓት ስልኬ መዝግቦልኝ ነበር። ያንን አትሜ ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። ከሦስት ወር በኋላ 2,000 ብሩ ወደ ሒሳቤ ተመለሰ። ለ8,000 ብሩ ግን አልከሰስሁም። የሕግ መምህር ሆኜ ሳለ ጊዜዬንና ወጪዬን አስልቼ ተውሁት። ይህ ከገንዘቡ በላይ ያሳስበኛል። ትንሽ ገንዘብ ፍርድ ቤት አይደርስም፤ ፍርድ ቤት ያልደረሰ ጥያቄም መልስ ሳያገኝ ይኖራል። እኔ የተውሁትን የደጋው አባት እንዴት ብለው ይከራከሩት?

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ተማሪዎቻችን በነጻ የሕግ ድጋፍ ሥራቸው እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን እየጻፉ ሰዎችን እንዲያግዙ ነው። ሁለተኛው በየጊዜው የሚገጥመንን ሰብስበን ለብሔራዊ ባንክ ግልጽ የሰዓት መሰላል እንዲደነገግ ሐሳብ እንድናቀርብ ነው።

በጋሞ ዱቡሻ ጉዳይ ሲቀርብ በአደባባይ ይነገራል፤ የሚያውቅ ሰውም የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠበቃል። የተበደለው ሰው ብቻውን ከጨለማ ጋር አይከራከርም። የኤቲኤም ሌባ ፊቱ የማይታይ እንግዳ ስለሆነ ወደ ዱቡሻ አይመጣም። ፊቱን ያየ ካሜራ ግን አለ። ያየው እንዲናገር እንጠይቅ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።